የአያ ቢያድጌ ናይለን

ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶ ምድር የሚባል የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። በዚያ አገር ማን እንዳለው ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ አያ ቢያድጌ ላይ ይለጠፋል። ሰውዬው ከሞተ በኋላ በሕይወቱ ካወራው ይልቅ ብዙ አውርቷል ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ግን ከራሱ አፍ የወጡ ናቸው ብለው ሽማግሌዎቹ ይምላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ለማይረባ ነገር የሚምሉ ሰዎች አይደሉም፤ ከአንዱ በቀር፣ እሱም አሁን የለም።

አያ ቢያድጌ ሸማኔ ነበር። ሸማኔ ይባል እንጂ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያውን አንድ ጊዜ ሲወረውር ሁለት ጊዜ ያወራል። ደግሞም ቢሠራ ለራሱ አይተርፈውም። የተቀመጠበት መሬት የፊታውራሪ ጠገናው ነውና ከሽመናው የመጀመሪያውንና ያማረውን የሚወስዱት እሳቸው ናቸው፤ የቀረው ገበያ ይወጣል። አገሩን የሚያለብሰው ሰው ራሱ በተቦጫጨቀ ጋቢ ይዞር ነበር። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ይቀልዳል፤ ስለ ልብሱ ሌላ ሰው ሲቀልድበት ግን ይከፋዋል። ነገሩ የሚጀምረው ከሰርጉ ነው።

፨

ለሰርጉ ቀን የሚደርበው ስላልነበረው ከጓንጉል ኩታ ተዋሰ። ጓንጉል የመንደሩ ባለጸጋ ነው፤ ከብቱ ብዙ፣ እሱ ግን ገብጋባ። ለውሻው አጥንት ሲጥል እንኳ ዓይኑ አጥንቱን ይከተለዋል። ኩታውን ሲያውስም «እንዳይታጠፍብኝ፣ እንዳይጨማደድብኝ፣ ፀሐይ እንዳያገኝብኝ» እያለ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኘው፤ የሸኘው ቢያድጌን ሳይሆን ኩታውን ነው።

ሰርጉ ደመቀ። ሙሽራው ከሙሽራይቱ ከአቻምየለሽ ጎን ተቀመጠ፣ ምግብም ቀረበ። ይሄኔ ጓንጉል ካለበት ተነሳና ሰዉን በክርኑ እየገፋ መጥቶ ከፊታቸው ቆመ።

«ወጥ ሊፈስበት ነው። በቃ አውልቀህ ስጠኝ» አለ።

ቢያድጌ ተነሳ፣ ኩታውን አወለቀ፣ በደንብ አጠፈው፣ በሁለት እጁ ሰጠውና እንዲህ አለ፦

«እንካ አያ ጓንጉል። ሙሽራይቱን ግን ደርበህ እንዳትወስዳት፤ እሷ የራሴ ናት።»

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ጓንጉልም ኩታውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ፤ ከመውጣቱ በፊት ግን በልቶ ጨርሶ ነው። አቻምየለሽ ብቻ አልሳቀችም። ባሏ በእጀ ጠባብ ብቻ ቀርቶ ሰውን ሲያስቅ አየችው፤ እያሳቀ እጀ ጠባቡን ወደ ታች እንደሚጎትትም አየች። የዚያን ለት በልቧ አንድ መሐላ ማለች፤ ምን ብላ እንደማለች ግን ለማንም አልተናገረችም።

፨

ዓመታት አለፉና ሁለት የአይሁድ መምህራን ከባሕር ማዶ መጡ። ትልቁ ረቢ ኤልያቄም ይባላሉ፤ ጢማቸው ደረታቸውን ያለብሳል፣ ሕግ ሲሉ እንቅልፍ የላቸውም። ታናሹ ረቢ ንፍታሌም ናቸው፤ ጢማቸው አጠር ያለ፣ ክርክራቸው ግን የረዘመ። ሁለቱም አማርኛን የተማሩት ከመጽሐፍ ስለነበር ውሃ ሲለምኑም ነቢይ የሚናገር ይመስላል።

ኮሶ ምድር ኦሪትን ጠብቆ የኖረ አገር ነው። ነገር ግን በልብስ ማዕዘን ላይ ዘርፍ ማሰር በዚያ አልተለመደም ነበር። መምህራኑ ይህን አስተማሩ፤ አራት ማዕዘን ያለው ልብስ የሚለብስ ወንድ ሁሉ በየማዕዘኑ የተቋጠረ ዘርፍ ማንጠልጠል አለበት አሉ። ሰዎቹ ሸማኔዎች ናቸው፣ የኩታ ጫፍ ሲቋጩ የኖሩ፤ ቋጠሮውን ባንድ ቀን ለመዱት። ቤተ እስራኤልም ካህናቸውን ቄስ ይላሉ፤ የጸሎት ቤቱ ቄስ ደስ ብሏቸው መረቁ።

ታዲያ ረቢ ኤልያቄም አንድ ጠዋት አያ ቢያድጌን በዚያ ጋቢው ሆኖ መንገድ ላይ አገኙት።

«አንተ ሰው ሆይ፣ ልብስህ አራት ማዕዘን ሳለው ዘርፍህ ወዴት አለ?»

አያ ቢያድጌ ጋቢውን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አሳያቸው።

«ረቢ፣ እስቲ መጀመሪያ ማዕዘኑን ይቁጠሩልኝ፤ እኔ ጫፉንና ቀዳዳውን መለየት ካቃተኝ ቆየሁ።»

ረቢ ኤልያቄም ቀልድ የሚባል ነገር አያውቁም። ጎንበስ ብለው ቆጠሩ፤ ወዲያ አገላበጡ፣ ወዲህ አገላበጡ። በመጨረሻ ቀና ብለው ማዕዘኑ ከአራት ቢበልጥም ከዘርፍ ነጻ እንደማያወጣ ተናገሩ።

«ደግ ነው ረቢ፣ ዘርፉን ያምጡልኝ» አላቸው አያ ቢያድጌ፣ «ጋቢው ሲያልቅ እሱን እለብሳለሁ።»

፨

ናይለን የሚሉት ነገር ወደዚያ አገር የገባው በፊታውራሪ ጠገናው ትከሻ ነው። ፊታውራሪ አስመራ ደርሰው ሲመለሱ ናይለን ሸሚዝ ለብሰው መጡ፤ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ፍሽ ፍሽ የሚል። ባላገሩን ሰብስበው እኩለ ቀን ላይ ደጃፋቸው አቆሙና የሸሚዙን ገድል ይነግሩት ጀመር። አይጨማደድም፣ አይቀደድም፣ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ቀጥለው ሸማኔዎቹን በዓይናቸው እየፈለጉ፣

«ከእንግዲህ የናንተ ነገር አበቃ። ይኼ የሰማይ ውሃ ቢወርድበት አንዲት ጠብታ አያስገባም» አሉ።

ይህን ሲሉ ላቡ ከአንገታቸው እየተንጠባጠበ ሸሚዙ ከጀርባቸው ጋር ተጣብቆ ነበር። አያ ቢያድጌ ለጥ ብሎ እጅ ነሳ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ የገባውንም አያስወጣም።»

ፊታውራሪ ምስጋና መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ የገባቸው ማታ ነው፤ ሁለት አሽከሮች ሸሚዙን ከገላቸው ላይ ሲጎትቱ።

፨

አቻምየለሽ ሸክላ ሠሪ ናት። ክረምት ከበጋ እንስራና ድስት ስትሠራ፣ ስትተኩስ፣ በጀርባዋ ጎንደር ድረስ ስታመላልስ ከርማ፣ አንድ ቀን ከገበያ የታሰረ ነገር ይዛ ገባች። ስትፈታው ኩታ ነው። ግን የጥጥ አይደለም፤ እንደ ውሃ የሚንሸራተት፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው ናይለን። ነጋዴው እንደ ኩታ እንዲደረብ ብሎ ከባሕር ማዶ ያስመጣው ነው።

አያ ቢያድጌ ሲያየው ተቆጣ።

«እኔ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሬ አንቺ የፈረንጅ ጨርቅ ትገዣለሽ? ሰው ምን ይለኛል?»

«አንተ የሠራኸውን ፊታውራሪ ይወስዱታል» አለች አቻምየለሽ፣ «የተዋስከውን ጓንጉል ይወስደዋል። ይኼን የአገራችን እጅ አልነካውም። ማን መጥቶ የኔ ነው ይልሃል?»

ያን ጊዜ ነው የሰርጓን ቀን መሐላ የነገረችው። ማንም ከትከሻህ የማያወርደው ኩታ ሳላለብስህ አልሞትም ብዬ ነበር አለችው። አያ ቢያድጌ ኩታውን ደረበና ከቤት ወጣ፤ ዓይኑን እንዳታይበት ነው የወጣው።

ደጅ ላይ ግን ጎረቤቶች ጠበቁት። አንዷ ወይዘሮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ምነው አያ ቢያድጌ፣ ሸማኔ ሆነህ ናይለን ትለብሳለህ? አታፍርም?» አለችው።

«ወጌሻ እጁ ሲሰበር ራሱን በራሱ ነው እንዴ የሚያሸው?» ብሏት አለፈ።

፨

ሰንበት ደረሰ። አቻምየለሽ ቀድማ ሄዳ በሴቶቹ ወገን ተቀመጠች፤ ባሏ ሲገባ በደንብ የምታይበትን ቦታ መርጣ ነው። አያ ቢያድጌ ናይለኑን ደርቦ ደረቱን ነፍቶ መጣ። የጸሎት ቤቱን ደፍ ከመርገጡ ረቢ ኤልያቄም እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁም። አራት ማዕዘን አለው፣ ዘርፍ የለውም።»

አያ ቢያድጌ ነገ ይታሰርበታል ሊል አፉን ሲከፍት ረቢ ንፍታሌም ከኋላ ደረሱ።

«ዘርፍ አይገባውም። ይህ የበግ ጠጉር አይደለም፣ ጥጥም ተልባም አይደለም። ከምድር ዘይት በእሳት ተቀቅሎ የተሠራ ነው። የቆዳ ልብስ ከዘርፍ ነጻ እንደሆነ ይህም ነጻ ነው።»

«ድርና ማግ የለውምን? የተሸመነ ሁሉ ልብስ ነው» አሉ ረቢ ኤልያቄም።

«ቆዳም በቀጭኑ ተቆርጦ ቢሸመን ቆዳነቱ አይቀርም» አሉ ረቢ ንፍታሌም። «ይልቁንም ስማኝ። ነጻ በሆነ ልብስ ላይ ዘርፍ ቢያስርበት ዘርፉ ጌጥም ግዴታም አይደለም፤ ሸክም ነው። ይህም ሰው በሰንበት ሸክም ተሸክሞ መንገድ ይወጣል።»

«ሳያስርስ ቢለብሰው? ትእዛዝ አፈረሰ!»

ነገሩ እንዲህ ተቆለፈ። ዘርፍ ቢያስር በታናሹ ረቢ ዘንድ ሰንበትን ሻረ፤ ባያስር በትልቁ ረቢ ዘንድ ኦሪትን ጣሰ። አያ ቢያድጌ አንድ እግሩ ከደፉ ወዲህ፣ አንድ እግሩ ከደፉ ወዲያ ሆኖ ቆሞ ሁለቱን ተራ በተራ ያያል። በመጨረሻ፣ መምህራኑ ሥጋና ወተት እንዳይቀላቀል ማስተማራቸው ትዝ ብሎት፣ ወደ ረቢ ንፍታሌም ዞሮ ጠየቀ።

«ረቢ፣ በእሳት የተቀቀለ ከሆነ እንግዲህ ጉዳዩ የልብስ ሳይሆን የወጥ ነው። ከወተት ጋር ነው የሚለበስ ወይስ ከሥጋ?»

ረቢ ንፍታሌም ሳይወዱ ፈገግ አሉ፤ ረቢ ኤልያቄም ግን ጥያቄውን ከልባቸው ማሰብ ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ የጸሎት ቤቱ ቄስ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጸሎቱም ሊያልፍባቸው ነው።

«ልጄ ቢያድጌ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሊቃውንቱ እስኪስማሙ ድረስ ኩታውን እቤትህ አቆየው። አዝናለሁ፣ ግን ለዛሬ አውልቀው።»

አወለቀው። ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደ ሰርጉ ቀን፣ አጥፎ ብብቱ ውስጥ ያዘው። ጓንጉል ከወንዶቹ መካከል ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደስ ሲለው እንዲያ ነው የሚያደርገው። በሴቶቹ ወገን አቻምየለሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። አለቀሰች። ጸሎት ነው ያስለቀሳት ያሉ አሉ፤ አያ ቢያድጌ ግን ምን እንዳስለቀሳት ያውቅ ስለነበር የዚያን ቀን አንድም ሰው አላሳቀም።

፨

ክርክሩ ከጸሎት ቤት ወጥቶ መንደሩን አዳረሰ። ግማሹ ልብስ ነው ባይ፣ ግማሹ ቆዳ ነው ባይ ሆነ። በዕድር ይከራከራሉ፣ በለቅሶ ቤት ይከራከራሉ፤ አንድ ባልና ሚስት በዚሁ ተኳርፈው ምድጃቸውን ለየብቻ እስከማንደድ ደረሱ ይባላል። ሁለቱ ረቢዎችም በየማለዳው በምርኩዛቸው መሬቱን እየወጉ ወንዝ መውረጃው ድረስ ተከራክረው ይሄዳሉ፣ ተከራክረው ይመለሳሉ። ደግሞ አይጠላሉም፤ አንዱ ቢያስነጥሰው ሌላው ነው የሚመርቀው።

አንድ ቀን ረቢ ንፍታሌም መላ አገኘሁ ብለው መቀስ ይዘው አያ ቢያድጌ ቤት መጡ። ሕጉ የሚይዘው አራት ማዕዘን ያለውን ልብስ ነው፤ አንደኛው ማዕዘን ተከርክሞ ክብ ቢሆን ኩታው ሦስት ማዕዘን ብቻ ይቀርለታል፣ ሦስት ማዕዘን ያለው ደግሞ በማንም ዘንድ ከዘርፍ ነጻ ነው፤ ረቢ ኤልያቄም እንኳ የሚከራከሩበት አፍ የላቸውም አሉ።

አቻምየለሽ ይህን ስትሰማ ኩታውን አቅፋ ከግድግዳው ተለጠፈች። ያን ሁሉ እንስራ የተሸከመች ለዚህ አይደለም። አያ ቢያድጌ ሚስቱን አየ፣ መቀሱን አየ፣ ቀጥሎ የረቢውን አገጭ አየ። የጢምን ማዕዘን መከርከም በኦሪት ክልክል መሆኑን በዚያ መንደር የማያውቅ የለም።

«ማዕዘን መከርከም ይህን ያህል ከቀለለ፣ ረቢ፣ በጢምዎ ይጀምሩና እኔ እከተላለሁ።»

ረቢ ንፍታሌም መቀሱን ኪሳቸው ከተው ሳቁ። አቻምየለሽም ከዚያ ሰንበት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሷ ስትስቅ አያ ቢያድጌ ልቡ ቀለል አለው፤ ነገሩ ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም።

፨

ይባስ ብሎ ወሬው ፊታውራሪ ጠገናው ጆሮ ደረሰ። ሸሚዛቸውን በተመለከተ የተባለውን አልረሱም። ከሸማኔ ቤት ከሚገኝ ጨርቅ ሁሉ የመጀመሪያው የኔ ነው፤ ቢያድጌ ናይለን ኩታ ደብቋል ብለው ከሰሱት። የአጥቢያው ዳኛ የፊታውራሪ የክርስትና ልጅ ነው። አቻምየለሽ ኩታውን ይዛ ወደ ችሎት ስትሄድ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ማንም የኔ ነው አይልህም ያለችው እሷ ነበረች።

ችሎቱ ዛፍ ሥር ነው፤ ሰው ሞልቷል። ዳኛው ኩታውን አስዘርግቶ አየ።

«ቢያድጌ፣ ይኼ ጨርቅ ነው፤ ከሸማኔ ቤት ተገኝቷል። ምን መልስ አለህ?»

«ጌታዬ፣ ጨርቅ መሆኑን ማን ነገረዎት? ከባሕር ማዶ የመጡ ሊቅ ቆዳ ነው ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናግረዋል። ምስክር ይጠራልኝ።»

ዳኛው ስለ ክርክሩ ሰምቶ ነበር። ጠምዝዞ ሊይዘው ፈለገ።

«ሌላኛው ሊቅ ደግሞ ጨርቅ ነው ብለው ከጸሎት ቤት መልሰውሃል። እዚያ ጨርቅ፣ እዚህ ቆዳ! ቁርጡን ተናገር፣ ምንድን ነው?»

አያ ቢያድጌ የተዘረጋውን ኩታ ጫፍ አገላበጠ።

«ጌታዬ፣ ሊቃውንቱ ገና አልወሰኑም። እስካሁን እኔ እንዳየሁት ግን ሰንበት ሰንበት ጨርቅ ነው፤ በችሎት ቀን ቆዳ ነው።»

ችሎቱ ተንጫጫ። ዳኛው ሳቁን በካባው ጫፍ ሸፈነ፤ የክርስትና አባቱ ግን አፍጥጠው ሲያዩት ኮስተር ብሎ ወደ አቻምየለሽ ዞረ። በምን ገዛሽው አላት። እሷም መልስ በመስጠት ፈንታ እጆቿን ዘረጋች፤ ጭቃው በጥፍሮቿ ሥር ደርቋል።

«በሸክላዬ ነው ጌታዬ። ፊታውራሪ ደግሞ እዚሁ ዛፍ ሥር ቆመው የጭቃ ግብር አልቀበልም፣ ሸክላ ሠሪ ምን ግብር አላት ብለው ስቀውብናል። ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ።»

እጁን ያወጣ የለም። ሁሉም ሰምቶ ነበር፤ ፊታውራሪ ያኔ ጮክ ብለው ነው የሳቁት። ዳኛው መውጫ አጣ። ራሱን አከከና ፈረደ። ኩታው በሸክላ የተገዛ ነውና የሴትዮዋ ነው፤ የፊታውራሪ አይደለም፣ የሸማኔው የቢያድጌም አይደለም። ፊታውራሪ በቅሏቸውን አስመጥተው ሳይሰናበቱ ሄዱ።

ጓንጉል የሰው ችሎት ማየት የሚወድ ሰው ነውና እዚያው ነበር። ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብሎ፣

«እንግዲህ በዳኛ ተፈረደብህ» አለው። «ጭራሽ ኩታ የለህም።»

አያ ቢያድጌ አልመለሰለትም። ቆሞ ቀረ። የሚያውቁት ሰዎች ደነገጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተወርውሮለት ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር፤ «የሴትዮዋ ነው… የቢያድጌ አይደለም…» እያለ የዳኛውን ቃል መላልሶ ያጣጥመዋል።

፨

በማግስቱ ወደ ሁለቱ ረቢዎች ሄደ። ቄሱም አብረው እንዲሰሙ ለመናቸው። ከረቢዎቹ ፊት አንገቱን ደፍቶ እንደ ንስሐ ገቢ ቆመ።

«አንድ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። በሰርጌ ቀን ኩታ ደርቤ ነበር፤ አራት ማዕዘን፣ ጥጥ፣ ዘርፍ ግን አልነበረውም። ኩታው የኔ አልነበረም፣ ከጓንጉል ተውሼ ነው። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

ረቢ ኤልያቄም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንብህም። ኦሪት የምታዘው ሰው በገዛ ልብሱ ላይ እንዲያደርግ ነው። የተዋሱት ልብስ ሠላሳ ቀን እስኪሞላው ከዘርፍ ነጻ ነው።»

«ሠላሳ ቀን እስኪሞላው» አሉ ረቢ ንፍታሌምም። «በዚህ ክርክር የለም።»

ቄሱ ሁለቱን ሊቃውንት ተራ በተራ አዩ። ከመጡ ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያዩአቸው ያን ቀን ነው።

«ባለቤቱስ ሴት ብትሆን?» አለ አያ ቢያድጌ እንደ ዋዛ።

ሴት ከዘርፍ ነጻ ናት፣ ልብሷም ያው ነው አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ደግሞ ምን አስጠየቀህ አሉት።

«እንዲያው ነው፤ ደስ የሚል ሕግ ስሰማ ሁለት ጊዜ መስማት እወዳለሁ።»

እጅ ነስቶ ወጣ። ረቢ ንፍታሌም ብቻ ጢማቸውን እየነካኩ ከኋላው ቆመው አዩት፤ የሆነ ነገር ሸቷቸዋል።

፨

በሚቀጥለው ሰንበት ገና ሲነጋጋ አያ ቢያድጌ ታጥቦ ልብሱን ለባብሶ ሚስቱ ፊት ቆመ። ባለጉዳይ እንደሚቆመው፣ ጎንበስ ብሎ።

«እመቤቴ፣ ዛሬ ጸሎት ቤት የምደርበው የለኝም። ኩታሽን እስከ ማታ ብታውሽኝ?»

አቻምየለሽ ምን እንዳሰበ ሲገባት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አመጣችና ራሷ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፤ ጥለቱን አስተካከለች፤ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ከሩቅ አየችው፤ ተመልሳ ደግሞ አስተካከለችው። ማታ እንዳታስቀርብኝ አለችው።

ጸሎት ቤቱ በር ላይ ሁለቱም ረቢዎች ቆመዋል። አያ ቢያድጌ በናይለኑ እያብለጨለጨ መጣ፤ ዘርፍ የለውም። ረቢ ኤልያቄም እጃቸውን ዘረጉ።

«ኩታህ…»

«ኩታዬ አይደለም ረቢ። በዳኛ ተፈርዶብኛል፤ የሚስቴ ነው። ጠዋት ተዋስኩ፣ ማታ እመልሳለሁ፣ በሚመጣው ሰንበት ደግሞ እንደ አዲስ እለምናለሁ። ሠላሳ ቀን ከየት ይመጣል?»

የረቢ ኤልያቄም እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ልብስ ቢሆንም የተዋሱት ነውና ነጻ ነው አሉ ቀስ ብለው። ረቢ ንፍታሌምም ቆዳ ቢሆን ከመጀመሪያውም ነጻ ነው፣ ዘርፍ ካልታሰረበት ደግሞ ሸክም የለም አሉ። ተያዩ። የሚከራከሩበት ጠፋቸው፤ ትንሽ የከፋቸውም ይመስላል። ከዚያ ረቢ ኤልያቄም እጃቸውን አጠፉና ከበሩ ገለል አሉለት።

አያ ቢያድጌ ገባ። ከወንዶቹ መካከል አልፎ ሲሄድ ናይለኑ ፍሽ ፍሽ ይላል። አቻምየለሽ በሴቶቹ ወገን ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ቀና ብላ ታያለች። ያን ጊዜ ጓንጉል አላስችል ብሎት ከተቀመጠበት ጮክ አለ፤ አርጅቷል፣ ግን ምላሱ አላረጀም።

«ተውሰህ ተዳርክ፣ ዛሬም ተውሰህ ቆምክ! ዕድሜህን ሙሉ በሰው ኩታ! ታዲያ ምን ተለወጠ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ረቢዎቹም ዞሩ። አያ ቢያድጌ ኩታውን ትከሻው ላይ አመቻቸና ወደ ሴቶቹ ወገን አንድ ጊዜ ተመልክቶ እንዲህ አለ፦

«አያ ጓንጉል፣ ያን ጊዜ ያዋሰኝ ሰው ዓይኑ ኩታው ላይ ነበር፤ የዚችኛዋ ግን እኔ ላይ ነው።»